በርሜሏ ስትናጥ

ቅዳሜ ከሰዓት በኋላ ሁልጊዜ ግድግዳዬ ይደልቃል። አንድ ቀን ሲብስብኝ ሄጄ የጎረቤቴን በር ደበደብኩ። አስናቀ ላብ በላብ ሆኖ፣ የጣቶቹ አንጓ ተልጦ ከፈተልኝ።

«ይቅርታ ጋሼ፣ ቢራ ጠምቄ ነው። አረፋ የሚሰጠው ጋዝ ቶሎ እንዲገባበት በርሜሏን ስንጣት ግድግዳውን ትመታለች።»

ሚስቱ ነጠላዋን እስከ ዓይኗ ተከናንባ አንድ ጆግ አቀበለችኝ። አረፋውስ! ከዚያ ወዲህ ድምፁን ስሰማ ምራቄን እውጣለሁ።

ለልጄ ምርቃት አስናቀ ያለችውን አንዲቷን በርሜል ሞልቶ፣ ከነጋዝ ዕቃዋ ተሸክሞ አመጣልኝ።

«ሚስቴን አሟታል፤ እኛ እንቀራለን» አለና ወደ ቤቱ ተመለሰ።

እንግዶቼ እየተጫወቱ፣ እኔ ጎንበስ ብዬ ስቀዳ፣ ግድግዳው ይደልቅ ጀመር።

«ጎበዝ! ዛሬም እየናጠ ነው» አለች ባለቤቴ፣ ብርጭቆዋን ዘርግታ።

በርሜሏ በጉልበቶቼ መሃል ነበረች።