ለከርሞም እንዲሁ

የሕንድ ውቅያኖስን ሞቃት ጅረት በተራ መጠቀም ከተጀመረ ስድስት ዓመት ሆነው። መሐንዲሶች ጅረቱን አንድ ዓመት ወደ እኛ፣ አንድ ዓመት ወደ አውስትራሊያ ይመልሱታል። የዞረለት ዝናብ ያገኛል፤ ሌላው ይደርቃል። ዘንድሮ ተራው የእኛ ነው።

ጳጉሜ ሦስት፣ የሩፋኤል ለት፣ ዝናቡ ቆርቆሮውን ይደበድበው ጀመር። የዚህ ቀን ዝናብ ጠበል ነውና እናቴ እንደ ልጅ ደጅ ወጥታ ተጠመቀችበት፤ ለሊጥ የሚሆናትንም በሳፋ ያዘች። እኔ ሜልቦርን ለምትኖረው እህቴ ለሳምራዊት ደወልኩ።

"እስቲ ስልኩን ወደ ዝናቡ አስጠጊልኝ" አለችኝ። "እዚህ ጠብ ካላለ ሰባት ወሩ። ልጆቼን በእርጥብ ጨርቅ ነው የምጠርጋቸው።"

ስልኩን ወደ ደጅ ዘረጋሁላት።

እናቴ ውሃው ከነጠላዋ እየተንጠባጠበ መጣችና እንደ ልማዷ እጇን ዘርግታ መረቀችን።

"ልጆቼ፣ ለከርሞም እንዲሁ ያዝንብልን!"

ከርሞ ተራው የሳምራዊት መሆኑን ረስታዋለች። ልነግራት አፌን ስከፍት እህቴ ቀደመችኝ። ከልጅነታችን ጀምሮ እማዬ መርቃ ስትጨርስ የምንለውን አለች።

"አሜን።"