የአባቴ ቁመት

«ቀስ በል! ገና የአባቴ ጉልበት ጋ ነህ፤ ወደዚህ ብዙ ይቀራል» እላለሁ፣ የመቃብሩ አፍ ላይ ቆሜ።

ቆፋሪው ግዛቸው ጉድጓዱ ውስጥ ቀና ይላል። «ጋሽ ፈቃደ፣ አለቀ እኮ። ይሄ የእግር ጣታቸው ነው።»

«አላለቀም። ቆፍር!»

ይቆፍራል። ድንጋይ ይወጣል። ከድንጋይ በቀር ሌላ ነገር የለም።

ይህን የቤተ ክርስቲያን ግቢ ለቀን ወደ ጭላሎ ግርጌ፣ ወደ ሰፊው ቦታ እየወጣን ነው። ከኢተያ የሚመጣው ገበሬ፣ ከሸዋ ተዛውሮ የመጣው መምህርና ጸሐፊ፣ ነጋዴው ሁሉ ተጨምሮ ምእመኑ ሞልቶ ፈሰሰና እሁድ እሁድ ግማሹ ሰው ዝናብ እየወረደበት ሲያስቀድስ ከረመ። ለአዲሱ ቤተ ክርስቲያን ሁሉም አዋጥቷል፤ ቆርቆሮው ግን ከኔ ነው። ሙሉውን ባይሆን እንኳ፣ ከታች ሆኖ ቀና ብሎ የሚያይ ሰው ሙሉውን ነው የሚለው። ታቦቱ ባለፈው እሁድ ወጥቷል፤ ደወሉም ተከትሎታል። እዚህ የቀሩት ሙታን ብቻ ናቸው። የደብሩ አለቃ አባ ተክለወልድም ቁርጡን ነግረውናል፦ ዛሬ በዘመዱ እጅ ከበሩ ያልወጣ አጽም እዚሁ ይቀራል፤ ነገ መሬቱ ይደለደልና የመኪናው መንገድ በላዩ ያልፋል።

የኔ አባት እንደማንም ሰው በዘንቢል የሚወጡ አይደሉም። ፊታውራሪ አባቴ የከለታን ወንዝ በአንድ እርምጃ የሚሻገሩ፣ ቁጭ ብለው ከቆመ ሰው ጋር ዓይን ለዓይን የሚተያዩ ሰው ነበሩ። ጣሊያን ሳይወጣ ነው ያረፉት፤ ከዚያ ወዲህ አሰላ ውስጥ ይህን ያልነገርኩት ሰው ካለ፣ ወይ ደንቆሮ ነው ወይ ትናንት የመጣ ነው። ስለዚህ ለመጠቅለያ አንድ ሙሉ ጣቃ አቡጀዴ ገዝቻለሁ። የሁሴኖን ባለ ሁለት ፈረስ ጋሪም ተከራይቻለሁ፤ በሩ ላይ ቆሞ ይጠብቃል።

ግዛቸው አጽሙን እያወጣ አቡጀዴው ላይ ያሰልፋል። ጭጋጉ ከጭላሎ ወርዶ መቃብር ለመቃብር ይሄዳል። ግዛቸው የመጨረሻዋን አጥንት አስቀምጦ እጁን ያራግፋል።

ጨርቁ ላይ የተኛው ጢም ያላበቀለ ልጅ ያህላል።

«ተሳስተሃል» እላለሁ። «ይሄ የሌላ ሰው ነው። የኔ አባት ከጎን ይሆናሉ።»

እህቴ ፋናዬ ነጠላዋን አፏ ላይ ይዛ ጎንበስ ትላለች። «ጥርሳቸውን እየው።»

አያለሁ። ሁለቱ የፊት ጥርሶች መሀል ፍንጭት አለ። ሳላስበው ምላሴ ወደ ራሴ ፍንጭት ይሄዳል።

«ኮርቻ ሲሰፉ ክሩን በዚያች ነበር የሚይዙት» ትላለች። «በቅሎ ላይ ሲወጡ ደግሞ ከሥር የምገፋቸው እኔ ነበርኩ። ረሳኸው?»

«ፋናዬ፣ ሰው ይሰማል!»

«ይስማ። ለመኪና ጥለሃቸው ልትሄድ ነው?»

ግዛቸው ጣቃውን በዓይኑ ይለካል። «ጋሼ፣ ከዚህ የሚተርፈው ለአዲሱ መቅደስ መጋረጃ ይበቃል» ይላል። በየመቃብሩ ላይ የቆመው ሰው ይስቃል።

አጽሙን ቋጥሮ በአንድ እጁ ያቀብለኛል። ያውም በግራው። በሁለት እጄ እቀበላለሁ፤ ክብደቱ ጎትቶኝ ጭቃው ላይ እንበረከካለሁ።

«ይከብዳሉ!»

«ይክበዱ እንጂ፣ ፊታውራሪ አይደሉ!» ይላል ግዛቸው። ቋጠሮውን ከእጄ ወስዶ በአንድ ጣቱ አንጠልጥሎ ለሰዉ ያሳያል፤ ከዚያ ይመልስልኛል። እንደገና እወርዳለሁ። እኔ ሁለት ኩንታል ስንዴ ተሸክሜ ኢተያ ገበያን የዞርኩ ሰው ነኝ፤ ክብደት አውቃለሁ። ይሄ የአጥንት ክብደት አይደለም።

ሰዉ የየራሱን አቅፎ አንድ በአንድ ይወጣል። ግዛቸውም አካፋውን ትከሻው ላይ አድርጎ ይሄዳል። ፋናዬ በሩ ጋ ቆማ ፊቷን አዙራለች። ከላይ፣ ከአዲሱ ቦታ፣ ደወሉ ይሰማል፤ እዚህ ሲደወል እንዲህ የራቀ አይመስልም ነበር።

ወደ ቋጠሮው ጎንበስ እላለሁ። «አባባ፣ ሰው ፊት አያዋርዱኝ። እሺ፣ ከለታን ተውኩት።»

ቋጠሮው ንቅንቅ አይልም።

«ከግዛቸው ትንሽ ይረዝሙ ነበር።»

ጭራሽ ወደ ታች ይስበኛል። የእጄ ጀርባ ጭቃው ውስጥ ይሰምጣል።

«ከግዛቸው እኩል ነበሩ።»

ጣቶቼ ይደነዝዛሉ።

«እሺ፣ እስከ ትከሻው!»

ላላ ይላል። ዋጋ ሲወርድለት ፊቱን እንደሚመልስ ገበያተኛ፣ ትንሽ ላላ ይላል። ግንባሬን ላብ ያጠምቀዋል፤ ብርዱ ግን አጥንቴ ውስጥ ነው።

«እስከ ብብቱ» እላለሁ፤ ድምፄ ለራሴም አይሰማኝም። «ኮርቻ ሰፊ ነበሩ።»

ቋጠሮውን ትከሻዬ ላይ አድርጌ ብድግ እላለሁ። ትከሻዬ ላይ ያለው ነገር ከነጠላዬ አይከብድም። አፋቸውን በከፈቱት ጉድጓዶች መሀል፣ ወደ ኋላ ሳላይ፣ ወደ በሩ እሄዳለሁ።

ሁሴኖ ጋሪው ላይ ገለባ ጎዝጉዞ፣ ወፍራም ገመድ አዘጋጅቶ ቆሟል። ፈረሶቹ ጆሯቸውን ወደኔ ቀስረዋል። ትከሻዬን ያያል። ከኋላዬ የሚመጣ እንዳለ ያያል። ተመልሶ ትከሻዬን ያያል።

«አቦ ፈቃደ» ይላል፤ የሚቀልድ አይመስልም። «ቀሪውስ?»

አፌ በልማዱ ይከፈታል። መልሱ ምላሴ ላይ ደርሷል፤ ጥሩ መልስ ነው፣ አሰላን ዓመት የሚያስወራ።

ትከሻዬ ላይ፣ አቡጀዴው ውስጥ፣ አንድ ነገር ያዳምጣል።