ጭኑ ላይ የነበሩት ሦስት ምልክቶች

"ሴትዮ፣ በሩን ልቀቂ አልኩሽ እኮ!"

ዘበኛው ክንዷን ያዛት...

እሷ ግን የቀዶ ሕክምና ክፍሉን በር መደብደቧን አላቆመችም።

"ዶክተሩን ጥሩልኝ... ሳይቆርጠው ጥሩልኝ!"

ውስጥ የተኛው ታናሽ ወንድሟ ነው። በያጅ ነው። ብረት ወድቆበት የቅልጥሙ ሥጋ ተልጦ አጥንቱ ካገጠጠ ወር አልፎታል።

ከግራ ጭኑ ሥጋ ከነደም ስሩ ወስደው ሸፍነውለት ነበር... አልያዘም። የተተከለው ሥጋ ጠቁሮ ሞተ።

አሁን የቀረው ቀኝ ጭኑ ብቻ ነው። እሱ ካልሆነ እግሩ ይቆረጣል።

ትናንት ከሰዓት ዶክተሩ አንዲት ትንሽ መሣሪያ ጭኑ ላይ እያስኬደ ሲያዳምጥ ቆየ።

"ሹ... ሹ... ሹ..." የሚል ድምፅ በተሰማበት ቦታ በጥቁር ማርከር ኤክስ አደረገ። ሦስት ቦታ።

"ደም ስሩ ወደ ቆዳው የሚወጣው እዚህ ጋ ነው" አላት። "ሥጋውን በሕይወት የሚያቆየው እሱ ነው፤ ስንቆርጥ ከሳትነው አለቀ። ምልክቱ እንዳይጠፋ አደራ።"

ዛሬ ጠዋት ነርሷ "ገላውን አጥበሽ አዘጋጂው" አለቻት።

ወንድሟ ማስታገሻ ወስዶ አንቀላፍቷል። አጠበችው... የእህት እጅ ነውና ፈተገችው።

ፎጣውን ስታነሳ ምልክቶቹ የሉም!

ክው አለች።

"ብነግራቸው ቀጠሮውን ይሰርዙብናል" አለች ለራሷ። ሁለት ጊዜ ተሰርዞባቸዋል።

ከነርሶቹ ጠረጴዛ ላይ ማርከር አነሳች...

በግምት ሦስት ኤክስ ሳለች። ማንም አላየም።

አልጋው እየተገፋ ገባ። እሷ ኮሪደሩ ላይ ቀረች። አንድ ሰዓት ሙሉ ማርከሩ ኪሷ ውስጥ እንደ ፍም አቃጠላት... በመጨረሻ ተነሥታ በሩን ደበደበች።

በሩ ተከፈተ። ዶክተሩ ነው። እጁ ላይ ወረቀት ይዟል።

"እኔም ወደ እርስዎ ልመጣ ነበር..."

"ዶክተር፣ ምልክቶቹን የሳልኳቸው እኔ ነኝ! ሳጥበው ጠፉብኝ... ፈርቼ ነው!"

ዶክተሩ ወረቀቱን ዝቅ አደረገ።

"ከመቁረጤ በፊት ምልክቶቹ ላይ ደግሜ አዳመጥኩ" አላት ቀስ ብሎ። "ምንም ድምፅ የለም። ደም ስሩ ተዘግቷል ብዬ ደመደምኩ።"

ወረቀቱን አሳያት... እግሩን ለመቁረጥ የሚፈረም የፈቃድ ፎርም ነበር።



"የራሴ ምልክት ነው ብዬ አምኜ ዙሪያውን አልፈለግኩም። ጥፋቱ የእርስዎ ብቻ አይደለም።"

ወረቀቱን አጣጥፎ ኪሱ ከተተና ሮጦ ገባ። በሩ ገርበብ እንዳለ ቀረ።

ትንፋሿን ውጣ ጠበቀች...

ምንም።

ምንም።

"ሹ... ሹ... ሹ..."

"ከሳሉት ኤክስ አራት ጣት ከፍ ብሎ ነው!" አለ ዶክተሩ ከውስጥ።

በአምስተኛው ቀን ነርሷ ቅልጥሙ ላይ የተተከለውን ሥጋ በጣቷ ጫን አድርጋ ለቀቀችው። ነጣ... መልሶ ቀላ። ደም አለው!

ሁሉንም የሰማው ወንድሟ ቀና ብሎ አያት።

"እታለም... ድሮም እኮ ሥዕል ላይ ዜሮ ነበርሽ።"

እየሳቀች አለቀሰች።

ወዳጆቼ... እግሩን ሊያስቆርጠው የነበረው የጠፋው ምልክት አይደለም፤ ጥፋቱን ለመሸፈን የተሳለው ነው። ምልክት መጥፋቱን ቢያውቅ ዶክተሩ እንደገና ይፈልግ ነበር። ስንደብቅ ግን ሊረዳን የሚችለውንም ሰው እናሳስተዋለን።

እስቲ እውነቱን ንገሩኝ... እናንተ ብትሆኑ ያንን በር ትደበድቡ ነበር? ወይስ "ማንም አላየም" ብላችሁ ትቀመጡ ነበር?