የታመመው ኩሽኔታ

ናሁሰናይ የማስተርስ ጥናቱን የሚሠራው በማሽን ንዝረት ላይ ነበር። የማሽን ንዝረት ብልሽቱን አስቀድሞ እንደሚናገር ለማሳየት፣ አንድ ማሽን ከታመመበት ቀን ጀምሮ እስኪሰበር ድረስ መለካት ነበረበት። ጥናቱን የሚያካሂድበት የጨርቃ ጨርቅ ፋብሪካ ማሽኖች ግን ሁሉም ጤነኛ ሆኑበት። ምረቃው ሊያመልጠው ሲል የትልቁ ማራገቢያ ዘንግ የሚሽከረከርበት ኩሽኔታ መንቀጥቀጥ ጀመረ። ደስታውን ዋጠ፤ ለማንም ትንፍሽ አላለም።

ከዚያ ወዲያ ምሳውን እንኳ የሚበላው ማራገቢያው ሥር ሆነ። ጆሮውን አስጠግቶ ያዳምጣል፤ መለኪያውን እያየ "ትንሽ ቀርቶታል" ይላል።

የጥገናው ኃላፊ ጋሽ ይፍሩ፣ "ልጄ፣ ምን ሆነሃል? ከሳህ እኮ!" ሲሉት፣ "ደህና ነኝ ጋሼ" ብሎ ፊቱን ያዞራል።

አንድ ሰኞ ጠዋት መለኪያውን ሲከፍት ንዝረቱ ጠፍቷል። "በቃ፣ ተሰበረ!" ብሎ እየሮጠ ሄደ። ማራገቢያው ያለ ኮሽታ ይሽከረከራል። ሠራተኞቹ ሲያዩት አጨበጨቡ።

"ጭንቀትህን አይተን ዝም ማለት አቃተን" አሉ ጋሽ ይፍሩ፣ እጃቸውን በጨርቅ እየጠረጉ። "ከፍተን ብናየው ለካ ኩሽኔታው አልቆለት ኖሯል! እሁድን ስንሠራ ውለን በአዲስ ለወጥነው። አንተ ባትኖር ጉድ ሆነን ነበር። ትምህርት ማለት እንዲህ ነው! በል እስቲ፣ አንድ ነገር በለን።"

ናሁሰናይ ጉሮሮውን ጠረገ።

"እግዜር ይስጥልኝ" አለ፤ ዓይኑ ግን ከቀሩት ማሽኖች መካከል የሚያቃስት ይፈልግ ነበር።