አዲሱ ጓጉንቸር

«ይሄን መጋዝ አይቆርጠውም፤ ሌባ አፍሮ ነው የሚመለሰው» አለ ባለሱቁ፣ ጓጉንቸሩን ባንኮኒው ላይ እየወረወረ። ሴትየዋ ከፈለችና ደረሰኝ ጠየቀችው።

«ደረሰኝ ትያለሽ? ከፈለግሽ ቫቱን ጨምሪ፤ ካልፈለግሽ ዕቃሽን ይዘሽ ውልቅ በይ!» የሽያጭ ማሽኑ አጠገቡ በጨርቅ እንደተሸፈነ ነበር።

«የለጠፉት ዋጋ ላይ ቫቱ አለበት እኮ፣ ጋሼ።»

«ጭራሽ ልታስተምሪኝ ነው?»

መታወቂያዋን አሳየችው። ከታክስ ቢሮ ነበረች። ባለሱቁ ጨርቁን ገፍፎ ማሽኑን መነካካት ጀመረ። «እህቴ፣ በእናትሽ፣ አሁኑኑ እቆርጥልሻለሁ!»

«ይውጡ። ሱቁ ታሽጓል።»

ደጅ ቆሞ ሲለማመጣት፣ እሷ መዝጊያውን ገጥማ በገዛችው ጓጉንቸር ቆለፈችው፤ ቁልፎቹንም ቦርሳዋ ውስጥ ከተተች።

«ሌባ አፍሮ ነው የሚመለሰው ብለውኝ አልነበር፣ ጋሼ?»