ተራው ያልደረሰ ፊደል

እናትየው ከምትሠራበት ቤት ያመጣችውን የሴሞሊና ዱቄት ትሪው ላይ ደልደል አድርጋ አሰጣችው። ሐሙስ ሐሙስ ሮም ባለው የሕፃናት ማሳደጊያ የሚፈቀድላት አንድ ሰዓት ሊያልቅ ሩብ ሰዓት ብቻ ቀርቶት ነበር። እሑድ ልጇ ሔራን ሚላኖ ወዳሉት አሳዳጊዎቿ ለዘለቄታው ልትሄድ ነው፤ ፍርድ ቤት ወስኗል። ከዚያ በፊት ስሟን በአማርኛ እንድትጽፍ ፈልጋ ነበር። ነገር ግን በልጅነቷ የኔታ እንዳስተማሯት ፊደል በተራ ነው ብላ በየሳምንቱ አንድ ቤት ብቻ ስታስጠናት፣ በአሥር ሐሙስ «በ» ላይ ደረሱ። የስሟ መጨረሻ «ን» ተራው ገና ነበር።

«ዛሬ እንዝለል» አለቻት።

«የኔታ ይቆጣሉ ብለሽ አልነበር?»

«የኔታ ሮም የት አሉ?»

ልጅቷ ሳቀች። እናትየው ትንሿን ጣት ይዛ ዱቄቱ ላይ ሦስት ጊዜ አስጻፈቻት፤ ሔ፣ ራ፣ ን። በአራተኛው ለቀቀቻት። ጣቷ «ራ» ላይ ደርሶ ቆመ።

«ኖ፣ ማማ፣ በጣሊያንኛ ይሻላል። ኤሌና አሳይታኛለች። አሁን እኔ ልያዝሽ።»

ኤሌና የሚላኖዋ ሴትዮ ናት። ልጅቷ የእናቷን ጣት ጨብጣ ከግራ ወደ ቀኝ ጎተተችው። መጀመሪያ ሔራን ብላ ጻፈች። ከዚያ ትንሽ ቦታ ትታ ሌላ ረጅም ስም ቀጠለች። እናትየው የውሳኔው ወረቀት ላይ አይታዋለች፤ የሴትዮዋ ባል ስም ነበር።

«ጎበዝ» አለች።

«ማማ፣ ጣትሽን አትጎትቺው፤ እያበላሸሽብኝ ነው።»