ሩዝ በኮኮናት

ትርሲት የደረቀውን ኮኮናት በፈላ ውኃ ዘፍዝፋ በንጹሕ ጨርቅ ጨመቀችው። ሩዙን በወተቱ ልትቀቅል ነው።

«ዶሮው ተሠርቶ ተቀምጧል፤ ሌላ ምን ጎደለሽ?» አለቻት እናቷ ኩሽናው በር ላይ ቆማ። «ዛሬ ለመጀመሪያ ጊዜ ለሚመጡ አማቶችሽ የፀጉር ቅባት የሚሸት ምግብ ልታቀርቢ ነው?»

«አባቴ ይሠራልኝ የነበረውን ነው የማቀርበው።»

እናቷ ድምፅዋን ዝቅ አደረገች። «ለሰው ሁሉ የወሎ ነጋዴ ነበር ብያለሁ። አታዋርጂኝ እባክሽ።»

«የሞምባሳ ሹፌር ነበር። ከነአባቴ ካልፈለጉኝ ይቅርብኝ!»

አባቷ ሞያሌ ላይ ሞቶ፣ እናትና ልጅ ደብረ ማርቆስ ከገቡ ወዲህ ትርሲት የምትጠራው በእናቷ አባት ስም ነው። ኮኮናትም እስከ ዛሬ እዚህ ቤት ገብቶ አያውቅም።

እንግዶቹ መጥተው ገበታው ቀረበ። ትርሲት ዶሮውን ወደ ዳር ገፋ አድርጋ የሩዙን ሳህን መሀል ላይ አስቀመጠችው። የእጮኛዋ አባት ቀመስ አድርገው ማንኪያቸውን አስቀመጡ።

«ይሄ ደግሞ የየት አገር ምግብ ነው ልጄ?»

ትርሲት ቀና ብላ ልትመልስ ስትል እናቷ ቀደመቻት። እሷም በእጇ ዘግና ቀምሳ ኖሯል።

«የሞምባሳ ነው» አለች፣ ሁሉም እንዲሰማ ድምፅዋን ከፍ አድርጋ። «የባለቤቴ የሳሊም አገር ምግብ ነው። አንቺ ደግሞ ተነሺና ሎሚ አምጪ፤ አባትሽ ያለ ሎሚ ቀምሶት አያውቅም።»